በሰው አገር እንግሊዝኛ ማስተማር፦ ሙያው የሚጀምረው ከየት ነው?

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ በጃፓን ገጠር ባለ አንድ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራኑ በየጠረጴዛቸው አጠገብ ቆመዋል። ምክትል ርዕሰ መምህሩ የዕለቱን ጉዳይ ያነብባል፦ ማን ታሞ እንደቀረ፣ የትኛው ክፍለ ጊዜ እንደተቀየረ፣ የስፖርት ቀኑ ልምምድ መቼ እንደሚጀመር። ሲጨርስ ሁሉም ጎንበስ ብለው እጅ ይነሳሉ፤ ወደየሥራቸውም ይበተናሉ። ጠረጴዛዎቹ እንደየክፍል ደረጃው ፊት ለፊት ተገጣጥመዋል። ዳር ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከበሩ ወይም ከማባዣው ማሽን አጠገብ፣ ለብቻው የቀረ አንድ ጠረጴዛ አለ። እዚያ የተቀመጠው የባሕር ማዶ ወጣት ከተነበበው ሁሉ ለይቶ የሰማው የራሱን ስም ብቻ ነው።

የሥራ መደቡ “ረዳት የቋንቋ መምህር” ይባላል። ከአሜሪካ፣ ከአየርላንድ ወይም ከጃማይካ የመጣ ሊሆን ይችላል። ዲግሪው በታሪክ ወይም በሥነ ሕይወት ቢሆን ማንም አይገረምም፤ ለመቀጠር የተጠየቀው በየትኛውም መስክ የተገኘ የመጀመሪያ ዲግሪ ነውና። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ከጃፓናዊቷ የእንግሊዝኛ መምህርት ጋር ክፍል ይገባል። መጽሐፍ ይገለጣል። እሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ያነብባል፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይደግማሉ፤ ሁለተኛውን ያነብባል፣ ይደግማሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ደወል ይደወላል። ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ ራሳቸውን “ሰው የሆነ ቴፕ ሪከርደር” እያሉ የሚጠሩት ለዚህ ነው። ከከተማው ማዶ ባለው ሌላ ትምህርት ቤት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ጃፓናዊው መምህር ከኋላ ወንበር ስቦ ይቀመጥና ክፍለ ጊዜውን ከዕቅዱ እስከ ጨዋታው ድረስ ለእንግዳው ይለቅለታል፤ ማስተማር ምን እንደሆነ ማንም ላላሳየው ልጅ።

ይህ ሰው መምህር ነው? እሱ ራሱስ ራሱን እንደ ሙያተኛ ይቆጥራል? ጥያቄው የጃፓን ብቻ አይደለም። ከሴኡል እስከ ሪያድ፣ ከባንኮክ እስከ ዋርሶ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከአገራቸው ወጥተው እንግሊዝኛ በማስተማር ይኖራሉ። ከመካከላቸው ሙያውን ዕድሜ ልካቸውን የያዙት፣ ምርምር የሚያነብቡት፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚጨነቁት ብዙ ናቸው። ለአንድ ዓመት ዓለምን ለማየት የመጡም አሉ። ቀጣሪዎቻቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን አይለዩም። የዚህ ዘገባ ጉዳይ ይኸው ነው፤ ሙያዊነትን ከመምህሩ የሚጠብቅ፣ ነገር ግን ሙያተኛ መሆኑን ሳይጠይቅ የሚቀጥር ዓለም።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአምስት ዓመት እንግዳ

ጄት በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የጃፓን መንግሥት ፕሮግራም የተጀመረው በ1987 ነው። ወቅቱ ጃፓን ከአሜሪካ ጋር በንግድ ሚዛን የምትወዛገብበት ነበር፤ አገሪቱ በሯን ዘግታ ትሸጣለች እንጂ አትከፍትም የሚለውን ክስ ማለዘብ ያስፈልግ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ከአሜሪካ፣ ከብሪታንያ፣ ከአውስትራሊያና ከኒው ዚላንድ 848 ወጣቶች መጡ። ዛሬ በየዓመቱ ከ5,000 የሚበልጡ ተሳታፊዎች አሉት፤ እጅግ የሚበዙትም ረዳት የቋንቋ መምህራን ናቸው። ውሉ ለአንድ ዓመት ነው፤ ቢታደስ ቢታደስ ከአምስት ዓመት አያልፍም።

ይህ ገደብ ብዙ ይናገራል። የማንኛውም አገር መምህር አምስተኛ ዓመቱ ላይ ሲደርስ ነው ሥራው የሚገባው፤ የትኛው ልጅ ዝም ሲል እንደተረዳ፣ የትኛው ዝም ሲል እንደጠፋበት የሚለየው ያኔ ነው። ፕሮግራሙ ግን ሲነደፍ ከማስተማሩ እኩል የባህል ልውውጥን ዓላማው አድርጎ ነበርና፣ አዲስ ፊት በየጊዜው መምጣቱን እንደ ጥቅም ያየዋል። ስለዚህ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው ይፈጠራል። አንዱ “እኔ የአገሬ አምባሳደር ነኝ፤ ሥራዬ ልጆቹ የውጭ ሰው እንዳይፈሩ ማድረግ ነው” ብሎ ያምናል፤ በምሳ ሰዓት አብሯቸው ይበላል፣ በጽዳት ሰዓት አብሯቸው ወለል ይወለውላል፣ ከትምህርት በኋላ ኳስ ይጫወታል። ሌላው “እኔ የቋንቋ መምህር ነኝ” ይልና በራሱ ገንዘብ የማስተማር ኮርስ ይወስዳል፣ ጃፓንኛ ይማራል፣ የትምህርት ዕቅድ ጽፎ ለባልደረባው ያቀርባል። ሁለቱም ሥራቸውን በአግባቡ እንደሚሠሩ ያምናሉ። ውላቸውም ማንኛቸውንም ስህተት አይላቸውም።

ከባልደረቦቻቸው ጋር የሚያጋጫቸው ግን ብዙ ጊዜ ማስተማሩ አይደለም፤ ሰዓቱ ነው። የጄት ተሳታፊ በሳምንት የሚሠራው በመሠረቱ 35 ሰዓት ነው። በ2018 የተካሄደው ታሊስ የተባለው ዓለም አቀፍ የመምህራን ጥናት እንዳሳየው፣ የጃፓን መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ መምህር በሳምንት በአማካይ 56 ሰዓት ይሠራል፤ ከተሳተፉት አገሮች ሁሉ የበዛው ይህ ነበር። ከሰዓት በኋላ የስፖርትና የሙዚቃ ክበባቱን የሚመራው፣ ቅዳሜ ለውድድር ልጆች ይዞ የሚሄደው እሱ ነው። እንግዳው ውሉ በሚለው ሰዓት ቦርሳውን አንሥቶ ደህና ዋሉ ሲል፣ ለራሱ ሥራውን ጨርሶ የሚሄድ ጨዋ ሠራተኛ ነው። ለባልደረባው ግን የቤተሰቡን ሥራ ትቶ የሚወጣ ሰው ይመስላል። አንዱ ሙያተኛነትን በውል ይለካል፤ ሌላው አብሮ በመድከም። ሁለቱም ክፋት የለባቸውም። ይህን የሚያስረዳቸው ሰው ሳይኖር ሲቀር ግን ዓመቱን ሙሉ በትዝብት ይተያያሉ። በእረፍት ወራት ደግሞ እንግዳው ተማሪ በሌለበት ትምህርት ቤት ባዶ ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጥ ይደረጋል፤ ወንበር ከማሞቅ በቀር ሥራ ሳይሰጡት ሰዓቱን ብቻ ይቆጥሩለታል። ለእኔ ይህ ከማርፈድ የከፋ ብክነት ነው፤ እነዚያ ሳምንታት አንድን ጀማሪ መምህር ለማሠልጠን በቂ ነበሩ።

አብሮ ማስተማር፣ ሳይነጋገሩ

ጄት ግን የተሻለው በር ነው። በብዙ ከተሞች ያሉ የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ወጪ ለመቀነስ ረዳት መምህራንን ከግል ድርጅቶች በኮንትራት ያገኛሉ። እዚህ ላይ የሕጉ አካሄድ አንድ አስደንጋጭ ውጤት አለው። ሥራው ለድርጅት በአጠቃላይ የአገልግሎት ውል ሲሰጥ፣ ሠራተኛውን ማዘዝ የሚችለው የቀጠረው ድርጅት ብቻ ነው። አገልግሎቱን የገዛው ወገን፣ ማለትም ትምህርት ቤቱ፣ ለሠራተኛው በቀጥታ መመሪያ ከሰጠ በአገልግሎት ውል ስም ሠራተኛ መከራየት ይሆናል፤ ይህ ደግሞ በጃፓን ሕግ የተከለከለ ነው። ይህ በክፍል ውስጥ ሲተረጎም፣ ጃፓናዊቷ መምህርት አጠገቧ ለቆመው ረዳት “ይህን አንቀጽ ዝለለውና ጥያቄውን ጠይቃቸው” ማለት ሊያስወቅሳት ይችላል ማለት ነው። ሁለት መምህራን አንድ ክፍል ገብተው አንዱ ሌላውን ማቃናት በማይችልበት ሁኔታ አብረው እንዲያስተምሩ ይጠበቃል።

እንዲህ ዓይነት ውል ያለበት ሰው ስለ ሙያ ዕድገት ምን ያስብ? በበጋ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደመወዙ የሚቀንስበት፣ በመጋቢት መጨረሻ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት ውል የትኛው ከተማ እንደሚጥለው የማያውቅ ብዙ ነው። አንዳንዶች ይህን ሁሉ እያወቁ ለልጆቹ ሲሉ ሌሊት ተቀምጠው ሥዕል ይቆርጣሉ፣ ካርድ ያዘጋጃሉ፣ የአንድ መቶ ሃምሳ ልጆችን ስም በቃል ይይዛሉ። ይህን የሚያደርጉት ከእነሱ የተጠየቀ ስለሆነ አይደለም፤ ባያደርጉትም የሚያውቅ የለም።

በዚሁ አገር የግሉ ዘርፍ እስከ ምን ሊወድቅ እንደሚችል የታየው በጥቅምት 2007 ነው። ኖቫ የተባለው በወቅቱ የአገሪቱ ትልቁ የእንግሊዝኛ ንግግር ትምህርት ቤቶች ድርጅት ለክስረት ጥበቃ ፍርድ ቤት ገባ። በሺዎች የሚቆጠሩ የውጭ መምህራን ደመወዛቸው ሳይከፈል ቀረ፤ ድርጅቱ ባከራያቸው ቤት ይኖሩ የነበሩትም ከቤት የመውጣት ሥጋት ላይ ወደቁ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ደግሞ አስቀድመው የከፈሉት ገንዘብ ጠፋባቸው። ኖቫ መምህራን ከተማሪዎች ጋር ከክፍል ውጭ እንዳይገናኙ የሚከለክል ደንብ ነበረው፤ ይህንንም የሙያ ጨዋነት ብሎ ይጠራው ነበር። ድርጅቱ ሲፈርስ ግን የሠራተኛ ማኅበራት ባዘጋጁት መንገድ መምህራኑ ለቀድሞ ተማሪዎቻቸው ትምህርት ሲሰጡ፣ ተማሪዎቹ በምላሹ ምግብ ያመጡላቸው ጀመር። ገንዘቧን የተበላች ተማሪ ደመወዙን ለተበላ መምህር ሩዝ ይዛ ስትመጣ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ የነበረው የመምህርና የተማሪ ግንኙነት ከድርጅቱ ደንብ ሁሉ የተሻለ ሙያዊነት ነበረው።

በፓስፖርት የሚለካ መምህር

ደቡብ ኮሪያ ለእንግሊዝኛ የምትከፍለው ዋጋ እጅግ ከፍተኛ ነው። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በሚሰጥበት ቀን፣ የእንግሊዝኛው የማዳመጥ ክፍል ሲደርስ አውሮፕላኖች እንዳይነሱና እንዳያርፉ ይደረጋል፤ የአንድ ሞተር ጩኸት የአንድን ልጅ ዕድል እንዳያበላሽ። ሃግዎን የሚባሉት የግል ማስጠኛ ተቋማት በየሰፈሩ ሕንጻ ተደራርበዋል። ሴኡል ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ እንዳያስተምሩ እስከመከልከል ደርሳለች። ከ1995 ጀምሮ ደግሞ መንግሥት በራሱ ፕሮግራም የውጭ መምህራንን ወደ ሕዝብ ትምህርት ቤቶች ያስገባል።

ለእነዚህ መምህራን የሚሰጠው ኢ-2 የተባለው ቪዛ በመሠረቱ ለሰባት አገሮች ዜጎች የተከለለ ነው፦ ለአሜሪካ፣ ለብሪታንያ፣ ለካናዳ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒው ዚላንድ፣ ለአየርላንድና ለደቡብ አፍሪካ። እስቲ አንድ ነገር እናስብ። ቨርጂኒያ ተወልዶ ያደገ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወጣት፣ በኬሚስትሪ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ፣ ክፍል ቆሞ አስተምሮ የማያውቅ፣ ለዚህ ቪዛ ማመልከት ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ እንግሊዝኛን ለሃያ ዓመት ያስተማረችው፣ በዚሁ ሙያ ማስተርስ ያላት አክስቱ አትችልም። የእሷ ሃያ ዓመት እንዲመዘን የሚቀርብበት ሚዛን እንኳ የለም። ወጣቱም ቢሆን በሩ ወለል ብሎ አይከፈትለትም፤ ቀጣሪዎች ከማመልከቻው ጋር ፎቶግራፍ መጠየቃቸው የተለመደ ነው፤ ጥቁር መምህራን ፎቶው ከተላከ በኋላ ስልኩ ዝም እንደሚል ደጋግመው ተናግረዋል።

በ2007 ኮሪያ የዚህ ቪዛ ባለቤቶች የኤችአይቪ ምርመራ እንዲያደርጉ የሚያስገድድ መመሪያ አወጣች። ኮሪያውያን መምህራንና የኮሪያ ዝርያ ያላቸው የውጭ ዜጎች አይመለከታቸውም ነበር። በ2009 በኡልሳን ከተማ ታስተምር የነበረች የኒው ዚላንድ ዜጋ ድጋሚ እንድትመረመር ስትጠየቅ እምቢ አለች፤ ውሏም አልታደሰም። ጉዳዩን በተባበሩት መንግሥታት የዘር መድልዎ አስወጋጅ ኮሚቴ ዘንድ አቀረበች። ኮሚቴው በ2015 መብቷ ተጥሷል ሲል ወሰነ፤ ኮሪያም ግዴታውን በ2017 አነሳች። አንዲት መምህርት ሥራዋን አጥታ ለስምንት ዓመት የዘለቀ ክርክር የከፈተችው ለደመወዝ ጭማሪ አልነበረም። እንደ ሌላው መምህር ሁሉ እንድትቆጠር ብቻ ነበር። ሙያዊነት በትምህርት ዕቅድና በንጹሕ ሸሚዝ ብቻ እንደሚገለጽ የሚያስተምሩ የሥልጠና መጻሕፍት ይህን ታሪክ ቢጨምሩበት እወዳለሁ።

መሠረቱ ሲጣል

ነገሩ እንዲህ የሆነው ዛሬ አይደለም። ጆን ሄይክራፍትና ባለቤቱ ብሪታ በ1953 በስፔኗ ኮርዶባ ትንሽ የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ኋላ ለንደን ገቡ። የሚቀጥሯቸው ወጣቶች ማስተማር እንደማያውቁ ስላዩ በ1962 አጭር የመምህራን ሥልጠና ጀመሩ። ዛሬ ሴልታ በሚል ስም ካምብሪጅ የሚሰጠው ምስክር ወረቀት የዚያ ሥልጠና ልጅ ነው፤ ወደ 120 ሰዓት የሚፈጅ፣ ብዙውን ጊዜ በአራት ወይም በአምስት ሳምንት የሚያልቅ፣ ከእውነተኛ ተማሪዎች ፊት ስድስት ሰዓት የሚያስተምሩበት። እነዚያ ስድስት ሰዓታት በጣም ጠቃሚ ናቸው፤ ምክንያቱም አሠልጣኙ ከኋላ ተቀምጦ እያየ፣ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅም የተበላሸውን በግልጽ እየነገረ የሚያልፉበት ነው። ነገር ግን የአራት ሳምንት ኮርስ የሙያ መግቢያ በር እንጂ ሙያው ራሱ ሊሆን አይችልም። ገበያው ግን እንደ ማብቂያ ወሰደው፤ በአንዳንድ ቦታማ ይህንንም አይጠይቅም።

ሌላው መሠረት የተጣለው ከእኛ ብዙም በማይርቅ ቦታ ነው። በ1961 በኡጋንዳው ማኬሬሬ ኮሌጅ የኮመንዌልዝ አገሮች ስለ እንግሊዝኛ ማስተማር ጉባኤ አካሄዱ። ሮበርት ፊሊፕሰን የተባለው ምሁር በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከዚያ ጉባኤ የወጡ አምስት እምነቶች ሙያውን ለአሥርት ዓመታት እንደመሩት፣ አምስቱም ማስረጃ እንደሌላቸው ተከራከረ። እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ ብቻ ይሰጥ፣ ሌላ ቋንቋ ከተጨመረ ደረጃው ይወርዳል፣ ቀደም ብሎ መጀመር ይሻላል፣ ሰዓቱ በበዛ ቁጥር ውጤቱ ያምራል፣ ተስማሚው መምህርም አፉን በእንግሊዝኛ የፈታ ነው። በአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ልጅ ያለው ወላጅ አምስቱንም በየስብሰባው ሰምቷቸዋል ብል አልተሳሳትኩም።

የመጨረሻውን እምነት የተጋፈጡት ራሳቸው “ባዕድ” የተባሉት መምህራን ናቸው። ሃንጋሪያዊው ፔተር ሜድዬሽ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ቋንቋውን ተምሮ ያወቀው መምህር ተማሪው የሚሰናከልበትን ቦታ ራሱ ተሰናክሎበት ስለሚያውቅ የራሱ ጥንካሬ እንዳለው ጻፈ። ስሪላንካዊው ጆርጅ ብሬይን ከባልደረቦቹ ጋር በ1998 ቲሶል በተባለው ዓለም አቀፍ የመምህራን ማኅበር ውስጥ የእነዚህ መምህራን ቡድን እንዲቋቋም አደረገ፤ ማኅበሩም በ2006 በትውልድ ቋንቋ ምክንያት መምህርን ማበላለጥን የሚቃወም መግለጫ አወጣ። በ2016 አርጀንቲናዊቷ ሲልቫና ሪቻርድሰን አያቴፍል የተባለው ሌላው ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ መምህራን ማኅበር በበርሚንግሃም ባካሄደው ጉባኤ ዋና ንግግሯን ለዚሁ ጉዳይ አዋለች። መግለጫውም ንግግሩም አለ። የሥራ ማስታወቂያዎቹ ግን ዛሬም የሚሹትን አገር ስም ከላይ ጽፈው ይወጣሉ።

ምሁራኑ መምህራኑን ራሳቸውን ሲጠይቁ ያገኙት መልስ ቀላል አልነበረም። ቢል ጆንስተን በ1997 ባሳተመው ጥናት በፖላንድ የሚያስተምሩ 17 ሰዎችን አነጋግሮ፣ የእንግሊዝኛ መምህራን የዕድሜ ልክ ሙያ አላቸው ወይ ብሎ ጠየቀ። ሕይወታቸውን ሲተርኩ ማስተማር እንደ አንድ ወጥ መንገድ አልወጣም፤ ከጋብቻ፣ ከፖለቲካ ለውጥ፣ ከኑሮ ወጪና ከአጋጣሚ ጋር የተቋጠረ ነገር ሆኖ ወጣ። ይህን ሲያነብቡ “እንግዲያው ሙያተኞች አይደሉም” ማለት ይቀናል። እኔ ግን የማየው ሌላ ነው፦ መንገድ ያልተሠራለት ሰው ስለ መንገዱ ሊተርክ አይችልም። ኤሪክ ሆይል የተባለው እንግሊዛዊ የትምህርት ምሁር በ1970ዎቹ ሁለት ዓይነት መምህራንን ለይቶ ነበር፤ አንዱ ክፍሉን በሚገባ የሚመራ፣ ዓይኑ ግን ከክፍሉ በር የማያልፍ፤ ሌላው ሥራውን ከባልደረቦቹ፣ ከንድፈ ሐሳብና ከትምህርት ቤቱ ዓላማ ጋር የሚያያይዝ። በሰው አገር የሚያስተምረው መምህር ሁለተኛው ዓይነት እንዲሆን የሚመኘው ሁሉ መጀመሪያ ስብሰባ ላይ ሊያስገባው፣ የሚባለውን የሚተረጉምለት ሊመድብለት፣ ከአምስት ዓመት በኋላም ሊያቆየው ይገባል።

ልጆቹን ያስረከበችው

ቴይለር አንደርሰን ከቨርጂኒያ የመጣች የ24 ዓመት ወጣት ነበረች፤ ከ2008 ጀምሮ በኢሺኖማኪ ከተማ በጄት ፕሮግራም ታስተምር ነበር። መጋቢት 11 ቀን 2011 ምድር ሲናወጥ የነበረችው በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ከሌሎቹ መምህራን ጋር ልጆቹን ወደ ውጭ አወጣች፤ ወላጆቻቸው መጥተው እስኪወስዷቸውም አብራቸው ቆየች። ከዚያ በብስክሌቷ ወደ ቤቷ ስታመራ ሱናሚው ወሰዳት። በዚያው ቀን በሪኩዘንታካታ ከተማ ያስተምር የነበረው የአላስካው ሞንቲ ዲክሰንም ሞተ።

የቴይለር ቤተሰብ በስሟ ባቋቋመው መታሰቢያ ገንዘብ በኢሺኖማኪ ትምህርት ቤቶች የእንግሊዝኛና የጃፓንኛ መጻሕፍት ማዕዘን ተከፈተ። መደርደሪያዎቹን የሠራው ሦስት ልጆቹን በዚያው ሱናሚ ያጣ አናጢ ነው፤ ልጆቹ የቴይለር ተማሪዎች ነበሩ።

ውሏ “ረዳት” ነበር የሚላት። ልጆቹን ለወላጆቻቸው እስክታስረክብ የቆየችው ግን እንደ ሙሉ መምህር ነው። ስለ ሙያዊነት ብዙ ማብራሪያ አንብቤያለሁ፤ የምስክር ወረቀት፣ አለባበስ፣ ሰዓት ማክበር፣ የማኅበር አባልነት ይጠቀሳሉ፤ ሁሉም ቦታ አላቸው። ከሁሉም ሥር ያለው ግን ይህ ይመስለኛል፦ ይህ ልጅ አሁን በእኔ እጅ ነው ብሎ መቀበል። ይህን የተቀበለ መምህር ለነገው ክፍለ ጊዜ ሳይዘጋጅ አይተኛም፤ የማያውቀውን ያጠናል፤ የአገሩን ቋንቋ የሚማረው ልጁ የት ላይ እንደተሰናከለ ለመስማት ነው። ያልተቀበለው ደግሞ የማስተርስ ዲግሪም ኖሮት ከእንግድነት አያልፍም።

እኛም ያየናቸው

ኢትዮጵያ ለዚህ ጉዳይ ባዕድ አይደለችም። በ1945 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን እንዲመሩ የጋበዟቸው ከካናዳዋ ኩቤክ የመጡ ኢየሱሳውያን ነበሩ። የክህነት ልብሳቸውን ትተው፣ ሃይማኖታቸውንም ሳይሰብኩ፣ በመምህርነት ብቻ እንዲሠሩ ተስማምተው ገቡ። መሪያቸው ሉሲየን ማት በ1950 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም አቋቋሙ። አፋቸውን የፈቱት በፈረንሳይኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ አስተምረው ያፈሯቸው ተማሪዎች አገሪቱን ለአሥርት ዓመታት አስተዳድረዋል። ከንጉሡ ዘመን እስከ ደርግ በየክፍለ ሀገሩ ያስተማሩት የሕንድ መምህራንም እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማሩ ነበሩ። አነጋገራቸውን እየቀዱ የሳቁ ተማሪዎች ዛሬ ሐኪሞችና መሐንዲሶች ናቸው፤ የሒሳቡን ቀመር ከእነማን እንደተማሩም ያስታውሳሉ።

በ1962 ደግሞ የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ገቡ፤ ወደ 300 የሚጠጉ፣ ብዙዎቹ ከዩኒቨርሲቲ በቅርብ የወጡ። እንደ ጄት ወጣቶች ሁሉ ልምዳቸው ትንሽ ነበር። ልዩነቱ ሳይመጡ በፊት በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ አማርኛ ጭምር መሠልጠናቸውና ሲደርሱም ሙሉ የማስተማር ኃላፊነት መረከባቸው ነው። በክፍል ውስጥ የሚደግሙ ድምፆች ሆነው አልተቀመጡም፤ ፈተና ያወጡ፣ ያረሙ፣ ውጤት የሞሉ መምህራን ነበሩ። ስማቸውን እስከ ዛሬ የሚያነሱ ተማሪዎች በጎንደርም በሐረርም ሞልተዋል።

ዛሬ በአገራችን ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጁ ፊዚክስን የሚወድቀው አንዳንዴ ፊዚክስ ሳይገባው ቀርቶ ሳይሆን ጥያቄው የቀረበበት ቋንቋ ስለጠፋበት ነው። ስለዚህ ወላጆችና የትምህርት ቤት ባለቤቶች የውጭ መምህር ሲቀጠር የሚጠይቁት ጥያቄ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከየት አገር እንደመጣ ከመጠየቃችሁ በፊት የት እንደሠለጠነ ጠይቁ። ክፍል ውስጥ ቆሞ ሲያስተምር ማን አይቶ እንዳረመው ጠይቁ። ከኢትዮጵያዊው የእንግሊዝኛ መምህር ጋር በሳምንት ስንት ሰዓት ተቀምጦ እንደሚያቅድ፣ ልጁ ቢወድቅ ተጠያቂው ማን እንደሆነም ጠይቁ። ያንኑ ጥያቄ ለአገራችሁም መምህር አቅርቡለት፤ መልሱ የተሻለ ከሆነ ደመወዙንም በዚያው ልክ አሻሽሉ።

ፓስፖርታችሁ በር የሚከፍትላችሁ በአሜሪካና በካናዳ ያላችሁ ወጣቶችም፣ ወደ ሴኡል ወይም ወደ ኦሳካ ለመሄድ ካሰባችሁ ሂዱ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን የማስተማር ኮርስ ውሰዱ፣ የምትኖሩበትን አገር ፊደል መማር ጀምሩ፣ ውላችሁን ከመፈረማችሁ በፊትም ከዚህ በፊት እዚያው ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰው ፈልጋችሁ አነጋግሩ። እዚያ የሚጠብቃችሁ ልጅ ሌላ የእንግሊዝኛ መምህር በዚያ ዓመት ላያገኝ ይችላል።